አንድ ካሜራ፣ ሃያ አምስት ዓመት፦ አዲስ አበባ ተወልዶ በእግሩ ዓለምን የዞረው ፎቶ አንሺ

ስልክ ስንገዛ መጀመሪያ የምንጠይቀው ስለ ካሜራው ነው። ስንት ሜጋፒክስል ነው? ማታ ያነሳል ወይ? ከዚያ ዓመት ሳይሞላው አዲስ ሞዴል ይወጣና በእጃችን ያለው ያስጠላናል። የዛሬው ባለታሪካችን ግን አንድ ካሜራ ገዝቶ ለ25 ዓመት ያህል ሳይቀይር የዞረ ሰው ነው። በዚያች ካሜራ ያነሳቸው ፎቶዎች ዛሬ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን ምርጥ የጉዞ ፎቶዎች መካከል ይቆጠራሉ።

ሰውየው ዊልፍሬድ ቴሲጀር ይባላል። በዜግነቱ እንግሊዛዊ ነው፤ የትውልድ ቦታው ግን አዲስ አበባ ነው። ሕይወቱን ሙሉ ያልለቀቀውን ፍቅር የዘራበት ደግሞ እዚሁ ሰሜን ሸዋ ላይ የተካሄደ አንድ ጦርነት ነው ማለት ይቻላል።

የሰገሌ ማግስት

ቴሲጀር የተወለደው ግንቦት 26 ቀን 1902 ዓ.ም. ነው። አባቱ በኢትዮጵያ የእንግሊዝ መንግሥት ተጠሪ ሆኖ የመጣው ልጁ ከመወለዱ ከጥቂት ወራት በፊት ነበር። ያኔ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ዛሬ እንደምናየው የድንጋይ ሕንፃ አልነበረም። ጣሪያቸው ሣር የሆነ የጭቃ ቤቶች ነበሩ፤ ልጁ የተወለደው ከእነዚህ በአንዱ ውስጥ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በሕይወት ቢኖሩም በጠና ታመው አልጋ ላይ ነበሩ።

ስድስት ዓመት ሲሞላው አገሪቱ ተናወጠች። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ተሻሩ። አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር አስከትለው ልጃቸውን ወደ ዙፋኑ ለመመለስ ወደ ሸዋ ዘመቱ። በሰሜን ሸዋ ደጋ ቶራ መስክ ላይ የራስ ልዑልሰገድን ጦር አሸነፉ፤ ራስ ልዑልሰገድም እዚያው ወደቁ። አዲስ አበባ ጭንቅ ላይ ነበረች። ራስ ተፈሪ ገና የሦስት ወር ሕፃን የነበሩትን ልጃቸውን አስፋ ወሰንን ለቴሲጀር አባት አደራ ሰጡ። ሕፃኑ ሌጋሲዮን ውስጥ ከቴሲጀር ቤተሰብ ጋር ተቀመጠ። ይቺን አደራ ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ የሸዋ ጦር ድል አደረገ። ብዙ ሺህ ሰው ያለቀበት፣ በዘመኑ ከታዩት ሁሉ ከባዱ የእርስ በርስ ጦርነት ነበር። ከዚያ በኋላ ጃንሜዳ ላይ በተደረገው የድል ሰልፍ ንጉሥ ሚካኤል በሰንሰለት ታስረው አለፉ። ዘመዶቹን ሸዋ ሜዳ ላይ የቀበረው ባላገር፣ የአንበሳ ጎፈር የደፋው መኳንንት፣ ከበሮና መለከት፣ አቧራ የለበሰ ፈረስ ሁሉ በአንድ ትንሽ እንግሊዛዊ ልጅ ፊት ተራ በተራ አለፈ።

ቴሲጀር በዚያን ቀን ካሜራ አልያዘም። ግን ያያት ትዕይንት እስከ ዕድሜው መጨረሻ ከዓይኑ አልጠፋችም። ሽማግሌ ሆኖ የሕይወት ታሪኩን ሲጽፍም የኋላ ኑሮውን የወሰነችው ያቺ ቀን እንደሆነች ተናግሯል። በሰፊው ካየነው የመጀመሪያው ፎቶ እሱ ነው ማለት ነው፤ የታተመው ግን ልብ ላይ ነው።

የአባት ኮዳክ

ቤተሰቡ በ1911 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ አባቱ በድንገት ሞተ። ልጁ ኢተን፣ ቀጥሎም ኦክስፎርድ ገባ። ታሪክ ተማረ፣ ለዩኒቨርሲቲው ቦክስ ተጫወተ፣ አፍንጫው ተሰበረ። ሐሳቡ ግን እዚህ ነበር።

በ1923 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ አፄ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ሊነግሡ ሲሉ አደራውን አልረሱም። ለሟቹ ወዳጃቸው ልጅ በግል የጥሪ ደብዳቤ ላኩለት። ያኔ ቴሲጀር የ20 ዓመት ተማሪ ነው። በጥቅምት 23ቱ ዘውድ መጫን ላይ ከእንግሊዝ ልዑካን ጋር ተገኘ። በዓሉ ሲያልቅ እንደሌሎቹ እንግዶች ወዲያው አልሄደም፤ ወደ አዋሽ በረሃ ወርዶ አንድ ወር ያህል ሲያድን ከረመ።

በእነዚያ ዓመታት የሚጠቀምበት ካሜራ የአባቱ የነበረ ኮዳክ ነው። ኮዳክ በዚያ ዘመን ለተራው ሰው የተሠራ ካሜራ ነበር። ብዙ ማስተካከያ የለውም፤ ብርሃን ካለ ያነሳል፣ ከሌለ አያነሳም።

ከሦስት ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ። በዚህኛው ጉዞው አንድ ጥያቄ ይዞ ነበር። አዋሽ ከደጋው ወርዶ ወደ ባሕር አይደርስም፤ ታዲያ የት ነው የሚቀረው? ከእሱ በፊት በዚያ አካባቢ ሊያልፉ የሞከሩ አውሮፓውያን ብዙዎቹ ተገድለዋል። እ.ኤ.አ. በ1875 ሙንዚንገር ከነወታደሮቹ አውሳ ላይ አልቋል። ቴሲጀር በ23 ዓመቱ ከግመሎቹና ከአጃቢዎቹ ጋር ወንዙን ተከትሎ ወረደ፣ ከአውሳው ሱልጣን መሐመድ ያዮ ፈቃድ አገኘ፣ አዋሽ አቤ ሐይቅ ገብቶ እንደሚቀር በዓይኑ አየ፤ ከዚያ በግንቦት 1926 ዓ.ም. ታጁራ ወጣ።

ፎቶዎቹስ? ማስረጃዎች ነበሩ። ይህ ወንዝ፣ ይህ ተራራ፣ ይህ ሱልጣን ለማለት የተነሱ። ራሱም በኋላ ያን ጊዜ ፎቶ የሚያነሳው የሄደበትን ለመመዝገብ ብቻ እንደነበር አልሸሸገም። የፎቶ ጥበብ ገና አልገባውም ነበር።

ላይካ ስትመጣ

ከአዋሽ ጉዞ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1934፣ ላይካ 2 የምትባለውን የጀርመን ካሜራ ገዛ። ሞዴሏ ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነበር። እጅ ውስጥ የምትገባ፣ ብረት የሆነች፣ ባትሪ የሚባል ነገር የማታውቅ ካሜራ ናት። ዛሬ ስልካችን በሰከንድ ክፋይ የሚሠራውን እሷ ላይ አንድ በአንድ በእጅ መሥራት ግድ ነው።

እስቲ አስቡት። መጀመሪያ ፊልሙን በካሜራዋ ሥር ከፍቶ ማጉረስ ነው። ፊልሙ 36 ፎቶ ይይዛል። ከዚያ ብርሃኑን በዓይን መገመት ነው፤ ካሜራዋ ብርሃን መለኪያ የላትም። ፍጥነቱንና የሌንሱን ቀዳዳ በግምቱ መሠረት ማስተካከል ይከተላል። ቀጥሎ በአንደኛዋ ትንሽ መስኮት እያዩ የሰውየው ምስል ሁለት ሆኖ የታየው አንድ እስኪሆን ሌንሱን ማዞር፤ ርቀቱ የተስተካከለው ያኔ ነው። ከዚያ ወደ ሌላኛዋ መስኮት ዞሮ ፎቶው የሚይዘውን መወሰን። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ቀጭ የሚለው። አላማረኝም ብሎ ማጥፋት የለም። ፊልሙ ታጥቦ ምን እንደወጣ እስኪታወቅ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ።

እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነውና በዚያ ዓይን ልየው። 36 ፎቶ ብቻ ይዘህ በረሃ ስትገባ እያንዳንዷ ቀጭታ ዋጋ አላት። ይህን ካነሳህ ያንን ትተሃል። ኦፖርቹኒቲ ኮስት ብለን ክፍል ውስጥ የተማርነው ነገር ማለት ነው። ዕቃ ሲያንስ ምርጫ ይበረታል፤ ምርጫ ሲበረታ ደግሞ ሰው ከማንሳቱ በፊት ማየት ይጀምራል።

ከደራ ማዶ

በዚያው ዘመን ቴሲጀር ሱዳን ውስጥ የእንግሊዝ አስተዳደር ሠራተኛ ሆነ። ፋሽስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ስትወር፣ መንግሥቱም ወረራውን አይቶ ዝም ሲል እንደ ክህደት ቆጠረው። ስለዚህ የመመለሻው ጊዜ ሲደርስ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ሆነ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ ድንበር ተሻግረው ሲገቡ እሱ በጎጃም በኩል ከገቡት መኮንኖች ጋር ተሰልፎ ነበር። በላይ ዘለቀ ዘንድ ተልኮም ነበር።

የጦርነቱ ጅራት የተቋጨው ደግሞ እኛ አካባቢ ነው። በመንዝ፣ በጅሩና በመርሐቤቴ የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች አምስቱን ዓመት ጫካ ሆነው ሲዋጉ ቆይተዋል። ከደብረ ማርቆስ የለቀቀው የኢጣሊያ ጦር አዛዡን ኮሎኔል ማራቬንታኖን ይዞ አባይን ተሻገረና ከመርሐቤቴ በስተ ምዕራብ ወዳለው ደራ ወጣ፣ ከዚያም ወደ ሰሜን አጅባር አቀና። የራስ ካሳ አርበኞችና የጌዴዎን ጦር የተባለው ትንሽ ኃይል ተከታትለው ከበቡት። ቴሲጀር መንገዱን ለመዝጋት ወደ ፊት ከተላኩት ነበር። በግንቦት 1933 ዓ.ም. ቁጥሩ ከከበበው የሚበልጠው ጦር እጁን ሰጠ። ቴሲጀር ለአጅባር ውጊያ ከእንግሊዝ ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳሊያዎች አንዱን ተሸለመ።

አሁን ወደዚያች አደራ እንመለስ። ጦርነቱ ገና በሌላው ዓለም ሳያልቅ ቴሲጀር ደሴ ተመደበ፤ የአልጋ ወራሹ አማካሪ ሆኖ። አልጋ ወራሹ ማን ናቸው? በሰገሌ ጊዜ በአባቱ ቤት የተሸሸጉት ሕፃን አስፋ ወሰን። ልብ ወለድ ቢሆን የማናምነው ዓይነት ገጠመኝ ነው። ግን ሥራው አልሆነለትም። ቢሮ፣ ወረቀት፣ ስብሰባ። አንድ ዓመት ያህል ቆይቶ ለቀቀ።

ዓይኑ የተከፈተበት በረሃ

ሥራ ለቆ አዲስ አበባ ሳለ ከአንድ የአንበጣ መከላከያ ባለሙያ ጋር ተገናኘ። አንበጣ የት እንደሚፈለፈል ለማጥናት ወደ ደቡብ ዓረቢያ የሚሄድ ሰው ይፈለግ ነበር። ቴሲጀር አላመነታም። ከ1945 እስከ 1950 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ሩብ አል ኻሊ የሚባለውን፣ በዓለም ትልቁን የአሸዋ ባሕር፣ ከቤዱዊን ጓደኞቹ ጋር በግመልና በእግር ሁለት ጊዜ አቋረጠ። ቢን ካቢናና ቢን ጋባይሻ የሚባሉት ሁለት ወጣቶች ከአጠገቡ አልተለዩም። እነሱ የበሉትን በላ፣ እነሱ ሲጠሙ ጠማ፣ እንደነሱ በባዶ እግሩ ሄደ። ላይካውን አሸዋ እንዳይገባባት በፍየል ሌጦ ከረጢት ውስጥ ይዞ ነበር።

በፎቶ ሕይወቱ ትልቁ ለውጥ የመጣው እዚህ ነው። ካሜራዋ ያችው ናት፤ አሥር ዓመት አብራው ኖራለች። ፊልሙም ያው ጥቁርና ነጭ ነው። የተለወጠው አነሳሱ ነው። ከዚህ ወዲያ መመዝገብ ብቻ አልበቃውም፤ ጥላው የት ወደቀ፣ የአሸዋው መስመር ወዴት ሄደ፣ የዚህ ልጅ ፊት ምን ይላል ብሎ መጠየቅ ጀመረ። ቀለም ያለው ፊልም ገበያ ላይ በመጣበት ጊዜም አልተማረከበትም። ቀለም ያለውን ሁሉ ይነግርሃል፤ ጥቁርና ነጭ ግን ለተመልካቹ የሚጨርሰው ነገር ይተውለታል ባይ ነበር።

የሰው ፊት ያነሳባቸውን ፎቶዎች ስታዩ አንድ ነገር ትታዘባላችሁ። ሰዎቹ አይደነግጡም። ፊታቸውን አላጠፉም፣ ሳቅም አላስመሰሉም። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ያነሳቸው ሰው ከመኪና ወርዶ፣ ቀጭ አድርጎ፣ የሄደ እንግዳ አይደለም። ለወራት አብሯቸው ያደረ፣ ስማቸውንና የግመሎቻቸውን ስም የሚያውቅ ሰው ነው።

ከዓረቢያ በኋላ በደቡብ ኢራቅ ረግረግ ከሚኖሩት ሰዎች ጋር፣ በሸምበቆ ቤቶች መካከል ለዓመታት ተመላለሰ። እ.ኤ.አ. በ1959 አሸዋውን የሚተርከው የመጀመሪያ መጽሐፉ ሲወጣ ስሙ ዓለም ላይ ናኘ። በዚያው ሰሞን ወደ ትውልድ አገሩ ተመለሰ። በደቡብ እስከ ኬንያ ድንበር፣ በሰሜን ላሊበላንና የሰሜን ተራሮችን በበቅሎና በእግር ዞረ። ላይካ 2ን አሳርፎ በኋለኛው ዘመኑ የተጠቀመው ላይካፍሌክስ በሚባለው ካሜራ ነው። በዚህኛው ፎቶ አንሺው በሌንሱ ውስጥ ራሱ የሚገባውን ምስል በቀጥታ ማየት ይችላል፤ ሁለት መስኮት መለዋወጥ ቀረለት።

ያልተፈታው ቅራኔ

ቴሲጀርን ቅዱስ አድርገን አንሣለው። ወጣት ሳለ ሱዳን ውስጥ ወደ 70 የሚጠጉ አንበሶችን ገድሏል። መኪናንና አውሮፕላንን ይጠላል፤ ዘመናዊነት የሰውን ክብር ያበላሻል ብሎ በግልጽ ይናገር ነበር። ግን አንገቱ ላይ ያንጠለጠላት ላይካ በዘመኗ ከተሠሩት ማሽኖች ሁሉ የረቀቀች ነበረች። ጀርመን ውስጥ ያ ፋብሪካ ባይኖር የእሱ በረሃ ለማንም አይታይም ነበር።

ሌላም አለ። ድህነትን ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። እሱ ሲፈልግ ለንደን እናቱ ቤት ሄዶ ያርፋል፤ የበረሃው ልጅ ግን መሄጃ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1977 ወደ ዓረቢያ ሲመለስ የጥንት ጓደኞቹ ወደ መኪናና ወደ ነዳጅ ዘመን ኑሮ ገብተው አገኛቸው። እሱ አዘነ። እነሱ ግን ለምን ያዝናሉ? ሐኪም ቤት ቀርቧቸዋል፣ ውሃ ቤታቸው ገብቷል። መንዝ ውስጥ ለሁለት ሰዓት ውሃ የሚቀዳ ሰው ካለ ይህን ለማስረዳት ብዙ ወሬ አያስፈልግም። በዚህ ነጥብ ላይ እኔ ከጓደኞቹ ጋር ነኝ።

ሆኖም ፎቶዎቹ ከአስተያየቱ ይበልጣሉ። ዛሬ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉ ወጣቶች አያቶቻቸው እንዴት ይኖሩ እንደነበር የሚያዩት በአብዛኛው በእሱ ፎቶዎች ነው። ሕንፃው ሲበዛ ፎቶው ተወደደ።

38 ሺህ

የዕድሜውን ማምሻ ኬንያ፣ ማራላል በምትባል ትንሽ ከተማ ከአካባቢው ሰዎች ጋር አሳለፈ። እ.ኤ.አ. በ1994 ወደ እንግሊዝ ተመለሰ፤ በዓመቱ የሰርነት ማዕረግ ተሰጠው። ነሐሴ 18 ቀን 1995 ዓ.ም. በ93 ዓመቱ አረፈ። ያን ጊዜ ዲጂታል ካሜራ በየሱቁ ነበር። እሱ ግን በፊልም ጀምሮ በፊልም ጨረሰ።

የተወው ነጋቲቭ 38 ሺህ ገደማ ነው። ኦክስፎርድ በሚገኘው ፒት ሪቨርስ ሙዚየም ተቀምጧል። በእጁ መርጦ፣ በጉዞው ቅደም ተከተል የለጠፋቸው ከ70 በላይ አልበሞችም አብረው አሉ። እስቲ ሒሳቡን እንሥራ፦ 38 ሺህን ፎቶ ላነሳባቸው 60 ዓመታት ብናካፍለው በዓመት 630 ያህል፣ በቀን ሁለት እንኳን አይሞላም። አንድ የዛሬ ሠርግ ላይ ፎቶ አንሺው በአንድ ቀን ከዚህ ሰውዬ የአንድ ዓመት ፎቶ በላይ ሊያነሳ ይችላል።

ታዲያ የትኛው ይቆያል? ይሄ ነው ጥያቄው። የእኛ ፎቶ ብዙ ነው፣ ግን ስልኩ ሲሰረቅ ወይም ውሃ ሲገባበት አብሮ ይሄዳል። የእሱ ጥቂት ነው፣ ግን ማን፣ የት፣ መቼ የሚለው ተጽፎበት ተቀምጧል። ከጥራት ይልቅ ልዩነቱን ያመጣው ይሄ ነው። ምን ዓይነት ካሜራ ብትይዝ ስም ያልተጻፈበት ፎቶ ከ50 ዓመት በኋላ የማይታወቅ ሰው ምስል ነው።

ይሄ ነገር ለእኛ ደጋ ሰዎች ቀልድ አይደለም። ከሰገሌ ያልተመለሱት፣ በአምስቱ ዓመት በመርሐቤቴ ገደል የተዋጉት አብዛኞቹ አንድ ፎቶ እንኳን የላቸውም። የዘመኑ ካሜራ በውጭ ሰውና በቤተ መንግሥት እጅ ነበር። የታየነው ሌላው ሊያይ በፈለገው ልክ ነው፤ የሚበዛው ፎቶም የሚገኘው ከባሕር ማዶ ነው። አሁን ግን ካሜራው በየኪሳችን ነው። ጓሳ ሄዶ ጭላዳ ዝንጀሮ ማንሳት ጥሩ ነው፤ እኔም አነሳለሁ። ግን መሐል ሜዳ ገበያ ላይ ባና ደርበው የተቀመጡት አባት፣ ግሼ ላይ በድንጋይ ቤት ደጃፍ ሱፍ የሚፈትሉት እናት፣ ጭላዳው እየበዛ እነሱ ናቸው እያነሱ የሚሄዱት።

ከቴሲጀር የምንወስደው ላይካዋን አይደለም። መጀመሪያ መቀመጥን ነው። ቡና ጠጡ፣ ጨዋታ ስሙ፣ አስፈቅዱ። ከዚያ 36 ፎቶ ብቻ እንዳላችሁ ቆጥራችሁ አንሱ። ስማቸውን፣ ቀበሌውን፣ ቀኑን ጻፉ። ከዚያ ፎቶ ቤት ሄዳችሁ ሁለት አሳትሙ፤ አንዱን ለራሳችሁ አስቀምጡ፣ አንዱን ለባለቤቱ መልሱ። ቴሲጀር ያነሳቸው ብዙዎቹ ሰዎች ያን ሁለተኛውን ፎቶ ሳያዩት ነው የሞቱት። እኛ ግን በሚቀጥለው የገበያ ቀን ይዘንላቸው መሄድ እንችላለን።